ጊዜ ያለፈባቸው ማንበቢያ ሶፍትዌሮችና የኤሌክትሮኒክ መማሪያ መጽሐፍ፤ የኢፐብ 3.3 ደንብ ከትምህርት ቤት አንጻር ሲመረመር

ስለ ኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ አዘገጃጀት የሚወጡ ደንቦች በአብዛኛው የሚነበቡት በሶፍትዌር ሠሪዎችና በአሳታሚ ድርጅቶች የቴክኒክ ክፍሎች ነው። መምህሩም ሆነ የትምህርት ፕላን አውጪው እንዲህ ያለውን ሰነድ ገልጦ የሚያይበት ምክንያት ያለ አይመስልም። ይሁን እንጂ በእነዚህ ሰነዶች ውስጥ ከሚሰጡት ውሳኔዎች አንዳንዶቹ በቀጥታ ከመማሪያ ክፍል የሚደርሱ ናቸው። አንድ የመማሪያ መጽሐፍ በአሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ሲከፈት ፊደሉ ይታያል ወይስ አይታይም፣ ክፍልፋዩ እንደ ክፍልፋይ ይነበባል ወይስ ሌላ ቁጥር ሆኖ ይገኛል የሚለው ጥያቄ በከፊል የሚወሰነው ተማሪው መጽሐፉን ከመክፈቱ አስቀድሞ፣ ደንብ በሚጻፍበት ጠረጴዛ ላይ ነው። ስለሆነም በዚህ ጽሑፍ፣ እ.ኤ.አ. ሜይ 25 ቀን 2023 በዓለም አቀፉ የድር ኮንሰርቲየም የጸደቀውን የኢፐብ 3.3 ደንብ፣ በተለይም ጊዜ ያለፈባቸውን ማንበቢያ ሶፍትዌሮች በሚመለከት የያዘውን አቋም፣ ከትምህርት ቤት አንጻር ለመመርመር እንሞክራለን።

ጉዳዩን በቅርብ ላልተከታተሉ አንባብያን ጥቂት ማብራሪያ ማስቀደም ያስፈልጋል። ኢፐብ ለኤሌክትሮኒክ መጻሕፍት የወጣ የፋይል አሠራር ደንብ ነው። ጽሑፉ፣ ሥዕላቱ፣ የገጽ አቀማመጥ መመሪያውና ማውጫው ድረ ገጽ በሚሠራበት ቋንቋ ተጽፈው በአንድ ፋይል ውስጥ ይጠቀለላሉ። ከፒዲኤፍ የሚለይበት ዋናው ነገር ገጹ አስቀድሞ ተቆርጦ ያለቀ አለመሆኑ ነው። ፊደሉ ሲተልቅ ወይም ስክሪኑ ሲጠብ ጽሑፉ ራሱን እንደገና ይደረድራል። በአምስት ኢንች የስልክ ስክሪን ላይ ሰፊ የፒዲኤፍ ገጽ ወዲያና ወዲህ እያንሸራተተ ያነበበ መምህር ልዩነቱን ያለ ብዙ ሐተታ ይረዳዋል። ነገር ግን ይህ ጥቅም በነጻ የተገኘ አይደለም። ፒዲኤፍ የገጹን መልክ ራሱ ይዞ ይሄዳል፤ ኢፐብ ግን የመጨረሻውን መልክ የሚያገኘው ከማንበቢያው ሶፍትዌር ነው። ማንበቢያው ያረጀ እንደሆነ መጽሐፉም በዚያው መጠን ያረጃል።

የደንቡ ታሪክ አጭር ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ኦፕን ኢቡክ በሚል ስም የወጣው የመጀመሪያው ደንብ በ2007 ተሻሽሎ ኢፐብ 2 ተባለ። በ2011 የወጣው ኢፐብ 3 አዲሱን የድረ ገጽ ቋንቋ ኤችቲኤምኤል 5ን፣ የሒሳብ መጻፊያ የሆነውን ማዝኤምኤልን፣ እንዲሁም ድምፅን ከጽሑፍ ጋር እኩል የሚያስኬደውን አሠራር ጨመረ። ደንቡን ሲያወጣ የነበረው ዓለም አቀፉ የዲጂታል ኅትመት መድረክ በ2017 ከድር ኮንሰርቲየሙ ጋር ተቀላቀለ። በዚያው ዓመት በጃንዋሪ ወር የወጣው ኢፐብ 3.1 ለያዝነው ጉዳይ የተለየ ትምህርት ስለሚሰጥ ጠበቅ አድርገን ልናየው ይገባል።

የ3.1 አዘጋጆች ዓላማ ቤት መጥረግ ነበር ለማለት ይቻላል። ተጠቃሚ ያጡ ክፍሎችን አስወገዱ፤ በመጽሐፉ የጥቅል ሰነድ ላይ የሚጻፈውንም የደንብ ቁጥር ለወጡ። ከዚህ የተነሣ በ3.1 የተዘጋጀ መጽሐፍ የ3.0 መጽሐፍ መሆኑ ቀረ። መሸጫዎች፣ መመርመሪያ መሣሪያዎችና ማንበቢያዎች ሁሉ ለዚህ ሲሉ መለወጥ ነበረባቸው፤ ለመለወጥ የፈቀዱት ግን ጥቂቶች ነበሩ። በመጨረሻም በ2019 ኢፐብ 3.2 ሲወጣ ቁጥሩ ወደ 3.0 ተመለሰ፤ በቀድሞው ደንብ የተሠራ መጽሐፍም ተቀባይነቱን ይዞ እንዲቆይ ተደረገ። 3.3ም የታነጸው በዚሁ መሠረት ላይ ነው። አንድ ደንብ አውጪ አካል የገዛ ሥራውን በሁለት ዓመት ውስጥ መልሶ ማቅናቱ እንደ ውርደት ሊቆጠር አይገባውም። በበኩላችን፣ ከደንቡ የታሪክ ምዕራፎች ሁሉ የሚመሰገነው ይህ ነው እንላለን።

ሁለቱ አቅጣጫዎች

የደንቡ ጉድለት የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። «ከቀድሞው ጋር መስማማት» የሚለው አነጋገር ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድነት ይሸፍናል። አንደኛው፣ የቀድሞ መጽሐፍ በአዲስ ማንበቢያ ሲከፈት ሳይበላሽ መገኘቱ ነው። ሁለተኛው፣ አዲስ መጽሐፍ በቀድሞ ማንበቢያ ሲከፈት መነበብ መቻሉ ነው። የመጀመሪያው አሳታሚውን ይጠቅማል፤ በመጋዘኑ ያከማቸው ሥራ ዋጋውን አያጣበትምና። ሁለተኛው የሚጠቅመው አዲስ መሣሪያ የመግዛት አቅም የሌለውን አንባቢ ነው። ኢፐብ 3.3 በመጀመሪያው በኩል እጅግ ጥንቁቅ ሲሆን፣ በሁለተኛው በኩል ግን ቃሉ ቁጥብ ነው፤ አብዛኛውን ነገር ለአዘጋጁ ፈቃድ ይተወዋል።

ለዚህ ማስረጃው ሩቅ አይደለም። ደንቡ ያረጁ ክፍሎችን በተለያየ መደብ ያስቀምጣቸዋል። አንደኛው መደብ ከእንግዲህ ወዲያ መጠቀም የማይመከር የተባለው ነው። ሌላው ደግሞ ለቀድሞ ማንበቢያዎች ሲባል ሊገባ የሚችል፣ ለአዳዲሶቹ ግን የማያስፈልግ ውርስ ነው። በዚህ የውርስ መደብ ውስጥ ኤንሲኤክስ የሚባለው የኢፐብ 2 ማውጫ ይገኛል። አዘጋጁ ከፈለገ ይጨምረዋል፤ ካልፈለገ ይተወዋል። ኤንሲኤክስ የሌለው አዲስ መጽሐፍ ኢፐብ 2ን ብቻ በሚያውቅ ማንበቢያ ሲከፈት ማውጫውን ያጣል። ጽሑፉ አለ፤ ነገር ግን መምህሩ «ምዕራፍ ስድስትን አውጡ» ባለ ጊዜ ተማሪው ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ እየገለበጠ ሊሄድ ነው። ይህን ፋይል ማዘጋጀት ለብዙዎቹ የመጽሐፍ መሥሪያ ሶፍትዌሮች የአንድ ትእዛዝ ጉዳይ ነው፤ በመጽሐፉ ክብደት ላይ የሚጨምረውም ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም። እንዲህ በርካሽ የሚገኝን ጥቅም «ቢፈልግ» በሚል ቃል ማለፉ ደንቡ ማንን እያሰበ እንደተጻፈ ያመለክታል።

ከዚህ ይልቅ አሳሳቢ የሆነው የሥዕል ጉዳይ ነው። በኢፐብ አሠራር፣ ደንቡ በመሠረታዊነት ከተቀበላቸው የፋይል ዓይነቶች ውጭ የሆነ ነገር በመጽሐፍ ውስጥ ሲገባ፣ አዘጋጁ ለማይችለው ማንበቢያ ምትክ እንዲያቀርብ ይገደዳል። ይህ ግዴታ ከደንቡ መልካም ጠባዮች አንዱ ነው። ኢፐብ 3.3 ግን ዌብፒ የሚባለውን የሥዕል ዓይነት ከመሠረታዊዎቹ ጋር ቀላቀለው። ይህም ማለት ዌብፒን ለሚጠቀም መጽሐፍ የምትክ ግዴታው ተነሣ ማለት ነው። ከደንቡ መውጣት በፊት የተሠሩና ይህን የሥዕል ዓይነት የማያውቁ ማንበቢያዎች ግን በዚያ ቀን አብረው አልተሻሻሉም። የልብን አሠራር የሚያሳይ ሥዕል በሳይንስ መጽሐፍ ውስጥ ባዶ ስፍራ ሆኖ ሲገኝ፣ መጽሐፉ በደንቡ መሠረት ትክክለኛ ነው፤ የጎደለበት ተማሪ ብቻ ነው። ጄፔግና ፒኤንጂ ከኢፐብ 2 ጀምሮ ተቀባይነት ያላቸው ስለሆኑ፣ የመማሪያ መጽሐፍ አዘጋጅ ዌብፒን ለጊዜው ቢተወው የሚያጣው የተወሰነ የፋይል ክብደት ብቻ ነው።

የሚታይና የማይታይ ጉድለት

አሮጌ ሶፍትዌርን እንደግፍ ወይስ እንተው በሚለው ክርክር ሁለቱም ወገኖች ጉድለቶችን ሁሉ እንደ አንድ የመቁጠር ልማድ አለባቸው። አንዱ ወገን የሚጎድለው ሁሉ ጌጥ ነው ይላል፤ ሌላው ምንም ነገር ሊጎድል አይገባም ይላል። ከትምህርት አንጻር ሲታይ ግን በጉድለትና በጉድለት መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ነው።

የድምፅና የጽሑፍ ማያያዣውን ለምሳሌ እንውሰድ። ይህ ከኢፐብ 3 ጋር የመጣ አሠራር ንባብ ለሚጀምሩ ሕፃናት እጅግ ጠቃሚ ነው፤ ድምፁ ሲያነብ የሚነበበው ቃል በስክሪኑ ላይ ይለያል። ይህን የማያውቅ ማንበቢያ ዝም ብሎ ያልፈዋል። ልጁ ድምፁን ያጣል፤ ገጹ ግን ሙሉ ነው፤ መምህሩም ድምፁን ሊተካው ይችላል። የርእሱ ቀለም ቢጠፋ፣ የጥያቄው ሳጥን ማዕዘኑ ክብ መሆኑ ቢቀር ደግሞ ጉዳዩ ከዚህም ያነሰ ነው። ለእንዲህ ያለው ነገር ሲባል የአንድን አዘጋጅ ሳምንታት ማባከን በእኛ አስተያየት ተገቢ አይደለም።

አሁን ደግሞ የአምስተኛ ክፍል የሒሳብ መጽሐፍ እናስብ። በውስጡ ሦስት አራተኛ የሚለው ክፍልፋይ በማዝኤምኤል ተጽፏል፤ ይኸውም ለኮምፒዩተሩ «ይህ ክፍልፋይ ነው፤ ላዩ 3፣ ታቹ 4 ነው» ተብሎ ተነግሯል። ማዝኤምኤልን የማያውቅ የቆየ ማንበቢያ ምልክቶቹን ጥሎ በመካከላቸው ያገኘውን ጽሑፍ ብቻ ጎን ለጎን ያስቀምጣል። በስክሪኑ ላይ የሚታየው 34 ነው። በዚሁ ዓይነት አሥር ላይ ሁለት፣ ማለትም የአሥር ካሬ፣ 102 ሆኖ ይገኛል። ስሕተት መኖሩን የሚያስታውቅ ምልክት የለም፤ ባዶ ስፍራም የለም። «የ34 ግማሽ ስንት ነው?» የሚል ጥያቄ ለተማሪው ፍጹም ጤናማ ጥያቄ ነው፤ 17 ብሎ ይመልሳል፤ ከመልስ ገጹ ጋር ሲያስተያየው ግን አይገጥምለትም። ብርቱ ተማሪ መጽሐፉን ይጠረጥር ይሆናል። ደካማው የሚጠረጥረው ራሱን ነው። መምህሩ አዲስ ስልክ ቢኖረው እንኳ በእርሱ ስልክ ላይ ትክክል ሆኖ ስለሚታየው የተማሪውን ችግር ላይደርስበት ይችላል።

እንዲህ ያለው ጉድለት ከባዶ ገጽ ይከፋል። ባዶ ገጽ አቤቱታ ያስነሣል፤ የተሳሳተ ቁጥር ግን ለዓመታት ተደብቆ ሊኖር ይችላል። ስለዚህ የመማሪያ መጽሐፍ አዘጋጅ ከሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት «አሮጌው ማንበቢያ ምን ያጣል?» ብሎ ሳይሆን «አሮጌው ማንበቢያ ምን ይዋሻል?» ብሎ ነው። ኢፐብ 3.3 ይህን ጥያቄ የትም አያነሣም። ከዚህ ቀደም ለማንበቢያው አቅም የተስማማውን ቅጂ፣ ማዝኤምኤልን ወይም ሥዕሉን፣ እንዲመርጥ የሚያስችል አሠራር በኢፐብ 3.0 ውስጥ ነበር። በተግባር ሰፊ ድጋፍ ስላላገኘ አሁን ከማይመከሩት መደብ ገብቷል። መተዉ ምክንያት ያለው ነው፤ በእርሱ ምትክ ለአዘጋጁ የተሰጠ በቂ ምክር አለመኖሩ ግን የሚያስነቅፍ ነው።

«እንግዲያውስ ሒሳቡን ሁሉ ሥዕል አድርጎ ማስገባት ነው» የሚል መልስ ወዲያው ሊሰጥ ይችላል። ከዚህ ላይ የተቃራኒው ወገን ክርክር ሚዛን ያነሣል። ማየት ለተሳነው ተማሪ ሥዕል ዝምታ ነው። ጽሑፍን ወደ ድምፅ የሚለውጠው ሶፍትዌር ማዝኤምኤልን አንብቦ ሊናገር ይችላል፤ ከሥዕል ግን የሚያገኘው ነገር የለም። ከ3.3 ጋር አብሮ የጸደቀው የኢፐብ የተደራሽነት ደንብ 1.1ም የሚጠይቀው ይህን የመሰለውን ነገር ነው። የአሮጌ መሣሪያ ባለቤትን ለመርዳት ሲባል ዓይነ ስውሩን ከመጽሐፉ ማስወጣት የትኛውም ፕላን አውጪ ሊቀበለው የሚገባ ንግድ አይደለም። ደግነቱ በዝቅተኛ ክፍሎች ሁለቱን የሚያስታርቅ መንገድ አለ። ቀላል ክፍልፋይ በሥዕል ቀርቦ ከሥዕሉ ጋር በሚያያዘው የምትክ ጽሑፍ ውስጥ «ሦስት አራተኛ» ተብሎ በፊደል ቢጻፍ፣ አሮጌውም ማንበቢያ ያሳየዋል፤ ተናጋሪውም ሶፍትዌር ያነበዋል። ይህ መንገድ የሁለተኛ ደረጃ አልጀብራን አይወጣውም። ረጅም እኩልታ በቃላት ሲጻፍ ለመከታተል ያስቸግራል፤ እዚያ ላይ አዲሱን አሠራር መምረጥና አሮጌውን ማንበቢያ በግልጽ መተው ይሻላል እንላለን።

የግዕዝ ፊደልና የማንበቢያው ዕድሜ

እስካሁን የተናገርነው ለማንኛውም አገር መማሪያ መጽሐፍ የሚሠራ ነው። በግዕዝ ፊደል ለሚጻፍ መጽሐፍ ግን ጉዳዩ ሌላ ክብደት አለው። ፊደላችን በዩኒኮድ ውስጥ ስፍራ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999፣ በዩኒኮድ 3.0 ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት የአማርኛ ፎንቶች ፊደሎቻችንን በላቲን ፊደላት ቁጥር ላይ ደርበው የሚያስቀምጡ ስለነበሩ፣ ፎንቱ በሌለበት ኮምፒዩተር ላይ ጽሑፉ የላቲን ፊደል ክምር ሆኖ ይከፈት ነበር። በዚያ ዘመን የተዘጋጁና በፒዲኤፍ የተቀመጡ ጽሑፎች ዛሬም ለዓይን ደኅና መስለው፣ አንድ ቃል ፈልግ ሲባሉ ምንም የማያገኙ ሆነው ይኖራሉ። ይህም ከላይ ከጠቀስነው የማይታይ ጉድለት ወገን ነው።

ለኢፐብ ያለው ችግር እንደሚከተለው ነው። የግዕዝ ፎንት በውስጡ የሌለው ማንበቢያ ፊደሉን በሣጥን ወይም በጥያቄ ምልክት ይተካዋል። መድኃኒቱ ፎንቱን ከመጽሐፉ ጋር አሽጎ መላክ ነው። አቢሲኒካ ኤስአይኤልና ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ በነጻ ፈቃድ የሚሰራጩ ስለሆኑ ይህን ለማድረግ የሕግ እንቅፋት የለም። ይሁን እንጂ የታሸገው ፎንት ሥራ ላይ የሚውለው በአቀማመጥ መመሪያው ፋይል አማካይነት ነው። በብዙ ማንበቢያዎች ውስጥ የኖረው የአዶቤ የቆየ የማንበቢያ ሞተር ደግሞ በአዘጋጆች ዘንድ የታወቀ አንድ ጠባይ አለው፤ በመመሪያው ፋይል ውስጥ የማያውቀው አዲስ አጻጻፍ ካጋጠመው መስመሩን ብቻ ሳይሆን ፋይሉን በሙሉ ሊጥለው ይችላል።

ሁለቱ ሲጋጠሙ የሚሆነውን እንመልከት። በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ላይ መመሪያው ቢጣል ገጹ ይጎሳቆላል እንጂ ይነበባል፤ የላቲን ፊደል በማንበቢያው ውስጥ አለና። በአማርኛ መጽሐፍ ላይ ግን ከመመሪያው ጋር ፎንቱም ይጣላል፤ መጽሐፉ ከዳር እስከ ዳር የጥያቄ ምልክት ይሆናል። ለአንድ ሣጥን ጥላ ሲባል የገባ አንድ አዲስ መስመር የመጽሐፉን ፊደል ሁሉ ሊያጠፋ ቻለ ማለት ነው። በውጭ አገር የተጻፉ የአዘጋጆች ምክሮች «አሮጌውን ሞተር እርሱት፤ የሚጎዳው ውበት ብቻ ነው» ሲሉ ለራሳቸው ፊደል ትክክል ናቸው። ምክሩን እንዳለ ወስዶ ወደ አማርኛ መጽሐፍ ማዛወር ግን አደጋ አለው። መፍትሔው አድካሚ አይደለም፤ የፎንቱ ትእዛዝ ብቻውን፣ ያለ ምንም ጌጥ፣ በአንድ ትንሽ የመመሪያ ፋይል ይቀመጥ፤ አዲስ ነገር የሚሞከርበት መመሪያ በሌላ ፋይል ይሁን። ሁለተኛው ቢጣል የመጀመሪያው ይተርፋል።

በመንገዳችን ላይ ስለ ሁለት ነጥብ አንድ ነገር ማንሣት ይገባል። ቃላትን በሁለት ነጥብ ብቻ፣ ያለ ክፍት ቦታ፣ እየለዩ መጻፍ በዘመናችን ኅትመት እየቀረ ቢመጣም፣ የጥንት ጽሑፎችን በሚያቀርብ የቋንቋ መማሪያ ውስጥ ሊያጋጥም ይችላል። ከሁለት ነጥብ በኋላ መስመር መሰበር እንደሚቻል የማያውቅ ሶፍትዌር አንቀጹን ሁሉ እንደ አንድ ቃል ቆጥሮ ከስክሪኑ ጠርዝ ውጭ ያወጣዋል። ከእያንዳንዱ ሁለት ነጥብ ቀጥሎ የማይታይ የመስበሪያ ምልክት ማስገባት ወይም በግልጽ ክፍት ቦታ መተው ይቻላል።

ድጋፍ መስጠት የማይቻልበትም ቦታ አለ፤ ይህንንም ሳይሸፋፍኑ መናገር ተገቢ ነው። እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የአማዞን ኪንድል በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተጠቀመበት ሞቢ 7 የሚባለው ቅርጸት ከመጽሐፍ ጋር የታሸገ ፎንትን አይቀበልም። መሣሪያው በራሱ የግዕዝ ፊደል ከሌለው የአዘጋጁ ትጋት ምንም አይፈይድም። በ2011 የመጣው ኬኤፍ 8 ይህን በር ከፍቷል። አማዞን ራሱም ከ2021 ጀምሮ ጽሑፋቸው እንደ ስክሪኑ ለሚደረደር መጻሕፍት ሞቢን መቀበል አቁሟል። እንግዲህ ለአማርኛ መጽሐፍ ሞቢ 7ን ልደግፍ ብሎ መድከም ትርጉም የለውም።

ማንን ቆጥረን እንወስናለን?

አሮጌ ሶፍትዌር ይተው የሚሉ ወገኖች ብዙውን ጊዜ የሚያቀርቡት ማስረጃ የተጠቃሚ ቁጥር ነው፤ ከመቶ ይህን ያህሉ ብቻ አሮጌውን ይጠቀማሉና ይብቃ ይላሉ። ቁጥሩ የተገኘው ግን መጽሐፉን በቀጥታ ከኢንተርኔት ካወረዱት ሰዎች ነው። በብዙ ትምህርት ቤቶቻችን አንድ ፋይል አንድ ጊዜ ይወርድና በፍላሽ፣ በሜሞሪ ካርድ፣ በብሉቱዝ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ያወረደው ሰው አዲስ ስልክና ኢንተርኔት ያለው ነው፤ ከእርሱ የቀዱት ግን በማናቸውም መዝገብ አይታዩም። ከዚህ የተነሣ በዚህ መንገድ የተገኘ አኀዝ አሮጌ መሣሪያ የያዙትን አሳንሶ የማሳየት ዝንባሌ አለው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 14 ቀን 2020፣ ለዊንዶውስ 10 ደግሞ በኦክቶበር 14 ቀን 2025 አቁሟል። በኮምፒዩተር ክፍሎቻችን ያሉት መሣሪያዎች ግን በእነዚህ ቀኖች አልተዘጉም። ለፕላን አውጪ የሚበጀው የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቶች የንብረት ቆጠራ ሲያደርጉ ኮምፒዩተሮቹ ስንት እንደሆኑ ብቻ ሳይሆን በምን ሶፍትዌር እንደሚሠሩ መመዝገብ ነው።

የአሳታሚውና የሻጩ ፈቃድም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ማይክሮሶፍት ሪደር የተባለው ማንበቢያ በ2000 ተጀምሮ በ2012 ቀረ። ይኸው ኩባንያ የመጽሐፍ መደብሩን በ2019 ሲዘጋ ገዢዎች ገንዘባቸው ቢመለስላቸውም በመደብሩ ቁልፍ የታሰሩት መጻሕፍት መከፈት አቆሙ። ስለዚህ በአንድ ሻጭ ቁልፍ የተዘጋ የመማሪያ መጽሐፍ ምንም ያህል አሮጌ ሶፍትዌርን ይደግፋል ቢባል ዋስትና የለውም። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ በሳተላይት ይተላለፍ የነበረውን የፕላዝማ ትምህርት የሚያስታውሱ መምህራን፣ ትምህርቱ በአንድ መሣሪያ ብቻ ሲቀርብ የመሣሪያው መበላሸት ምን እንደሚያስከትል ሌላ ማስረጃ አያስፈልጋቸውም።

ወጪውን በሚመለከት፣ ለአሮጌና ለአዲስ ማንበቢያ ሁለት የተለያዩ እትሞች ይዘጋጁ የሚለውን አሳብ አንደግፈውም። በአንዱ የታረመ ስሕተት በሌላው ሳይታረም ይቀራል፤ ከጥቂት ጊዜ በኋላም መምህሩና ተማሪው ገጽና ቃል የማይገጥም መጽሐፍ ይዘው ይገናኛሉ። አንድ እትም፣ ይዘቱ በአሮጌው የሚነበብ፣ ጭማሪው በአዲሱ የሚታይ፣ ይሻላል። ይህም ቢሆን ፈተና ይጠይቃል። በጨረታ ሰነዶች ላይ «መጽሐፉ የኢፐብቼክን ምርመራ ያለፈ መሆን አለበት» የሚል አንቀጽ ማስገባት ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ኢፐብቼክ የሚመረምረው መጽሐፉ ደንቡን መጠበቁን ነው። ከላይ የጠቀስናቸው 34 የሆነው ክፍልፋይና የጠፋው የልብ ሥዕል ሁለቱም ምርመራውን ሊያልፉ ይችላሉ። አንቀጹ በስም በተጠቀሱ ሁለት ወይም ሦስት አሮጌ ማንበቢያዎች ላይ ተከፍቶ መታየትን፣ ዝርዝሩም በየስንት ጊዜው እንደሚከለስ ቢጨምር ሥራ ተቀባዩ የሚጠየቅበት ነገር ያገኛል። የመከለሻ ቀን ያልተቆረጠለት ዝርዝር፣ ማንም የማይጠቀምበትን ማንበቢያ እንደ ተሸከመ ይኖራል።

በመጨረሻ አንድ አሳብ እናቅርብ። በእያንዳንዱ የኤሌክትሮኒክ መማሪያ መጽሐፍ መጀመሪያ፣ ከሽፋኑ ቀጥሎ፣ አንድ የመፈተሻ ገጽ ይኑር። በገጹ ላይ አንድ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር፣ መጽሐፉ በሚጠቀምበት አሠራር የተጻፈ አንድ ክፍልፋይና አንድ ሥዕል ይቀመጡ፤ ከየአንዳንዳቸው ሥር ምን መታየት እንዳለበት በቃላት ይጻፍ፤ ለምሳሌ «ከዚህ በላይ የሚታየው ቁጥር ሠላሳ አራት ከሆነ ይህ ማንበቢያ ለዚህ መጽሐፍ አይሆንም» ይባል። ፊደሉ ጨርሶ ካልታየ ይህ ማስጠንቀቂያም ስለማይነበብ፣ ስለ ፊደሉ የሚነገረው አንድ መስመር በሥዕል መልክ፣ በጄፔግ ወይም በፒኤንጂ፣ ከገጹ ራስ ላይ ይግባ። መምህሩ በትምህርት ዘመኑ የመጀመሪያ ሳምንት ተማሪዎቹን ይህን ገጽ አስከፍቶ በየመካከላቸው ቢያልፍ፣ የማን መሣሪያ መጽሐፉን በትክክል እንደሚያሳይና የማን እንደማያሳይ በአንድ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ሊያውቅ ይችላል።